ሰላምታ የማይመልስ ስልክ

ሰቆጣ ውስጥ ለወራት ባለጌ ተብዬ ኖሬአለሁ። ሰው ሰድቤ አይደለም፣ የሰው ባል ቀምቼም አይደለም፤ የገዛ ባሌንም አላገኘሁት። ባለጌ የተባልኩት በድምፄ ነው። ድምፄን ማሽን ውስጥ የከተተው አለቃዬ ነው፤ እሱን እስከ ዛሬ ይቅር ያልኩት በግማሽ ነው።

ከደብረ ታቦር ተመድቤ እዚህ የመጣሁት ሳላገባ ነው። የምሠራበት ቢሮ ሕዝቡን በአካባቢው ጉዳይ የሚያሳትፍ ነው ይባላል፤ እኔ የማውቀው ግን ስብሰባ የሚበዛበትና ወንበር የሚያንስበት መሆኑን ነው። በአንደኛው ዓመት የዓመት እረፍቴን ወጣሁና አገባሁ። ያገባሁት እዚያው ደብረ ታቦር የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ግትር፣ በጓሮው ድንች የሚተክል። ጫጉላዬን ሳልጠግብ እረፍቴ አለቀና ትዳራችን የስልክ ትዳር ሆነ። እሱ ነይ ይላል፣ እኔ ና እላለሁ። እኔ ናፍቆቴን ሳወራ እሱ ድንቹን ያወራል፤ ድንቹ አበበ፣ ድንቹን ዋግ መታው፣ ድንቹ ተኮተኮተ። የአገሬ ሰው በድንች ሲታማ ድሮ ይከፋኝ ነበር። ካገባሁ በኋላ ሐሜቱ እንዳነሰን ገባኝ።

በመጨረሻ እኔው ተሸነፍኩና ዝውውር ጠየቅሁ። ደብረ ታቦር ክፍት ቦታ ተገኘልኝ፤ የቀረው የአለቃዬ መልቀቂያ ብቻ ሆነ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። የዚሁ የዋግ አገር ልጅ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ነገር ግን ዲጂታል የምትባለውን ቃል አንድ ስልጠና ላይ ሰምቶ ከመጣ ወዲህ ሌላ ቃል አይጥመውም። ሻይ ቀዝቅዞ ሲመጣለት እንኳ ይኼ ዲጂታል አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። ለመልቀቂያው ስገባ ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ሕዝቡ ከያለበት በነፃ እየደወለ ችግሩን የሚናገርበት መስመር ሊከፈት ነው አለኝ። ድምፅሽ ያምራል፣ መልእክቱን አንቺ ቅጂልኝ፣ የሕዝብ ጥያቄ መግባት ሲጀምር ያን ጊዜ እፈርምልሻለሁ አለ። ምን ገዶኝ፤ ለባሌ ስል መጽሐፍም ቅጂ ቢለኝ እቀዳ ነበር።

የቢሮው ጎረቤት ወፍጮ ቤት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ስለዚህ መጋዘን ገብቼ በተሰበሩ ወንበሮች መሀል ቁጭ አልኩና የጥበቃውን ጋቢ ከነራሴ ተከናንቤ ቀዳሁ። አለቃዬ ደጅ ቆሞ ኔትወርክ ሳይሄድ ቶሎ በይ እያለ ያጣድፈኛል። ይህ የማኅበረሰብ ተሳትፎ መስመር ነው፣ ድምፅ ሲሰሙ ጥያቄዎን፣ ቅሬታዎን ወይም አስተያየትዎን ይናገሩ አልኩ። ከዚያ ማሽኗ ጢጥ ትላለች። ከጢጧ በኋላ ደዋዩ ሁለት ደቂቃ አለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

መስመሩ መከፈቱ በየገበያው በሞንታርቦ ተለፈፈ። በማግስቱ ኮምፒዩተሩን ስከፍተው መልእክቱ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ሻንጣዬን በሐሳቤ እየሸከፍኩ፣ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። የሰሃላ ሰው ነበር። እንደምን አደራችሁ አለ። ዝም አለ። እንደምን አደራችሁ ሲል ደገመ፣ አሁንም ዝም አለ። ቀጥሎ ኔትወርክ ለማግኘት የትኛውን ዳገት ወጥቶ ምን ላይ እንደቆመ ሲያስረዳ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ። ሁለተኛው ደዋይ ከሰቆጣ ዙሪያ ነው። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ በየመሀሉ መልሴን ይጠብቃል፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ በግ ይሰማል። ሦስተኛው የማን ልጅ ነሽ ብሎ ጠይቆኝ መልሱን ሲጠብቅ ደቂቃው ሄደ። አራተኛው ተናደደና በኽምጣኛ የሆነ ነገር ብሎ ዘጋው። ለአለቃዬ አሰማሁትና ምን ማለቱ ነው አልኩት። አልተረጎመልኝም።

ሁሉም እንዲያ ነው። እዚህ አገር ሰው ጉዳዩን ከሰላምታ አያስቀድምም። ሰላምታውም ሰላም ነው ብሎ እልፍ የሚባልበት አይደለም። ሰውየው ይጠይቃል፣ አንቺ እግዚአብሔር ይመስገን ትያለሽ፣ ተራሽን ትጠይቂያለሽ፣ እሱ ይመልሳል፣ ከዚያ የማን ወገን እንደሆንሽ ይጣራል፣ ነገር የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ ግን ጥያቄዎን ይናገሩ ብዬ ጢጥ። ሰው ደጅ አቁሞ ምን ፈለግህ እንደማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው እኔን ሰላም ለማለት ዳገት ወጥቶ ተዋርዶ ወርዷል።

አለቃዬ መልእክቶቹን አብሮኝ ሰማ። ጥያቄ ካልገባ ችግር የለም ማለት ነው ብለን ብንጽፍስ አለኝ። መልቀቂያዬንስ አልኩት። የሕዝብ ጥያቄ ሲገባ ነው ያልኩሽ፣ ሰላምታ ሲገባ አላልኩሽም አለ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ወጥቼ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆምኩና እዚያ ጩኸት ውስጥ የልቤን ሁሉ ተናገርኩ፤ ማንም አልሰማኝም።

ክፉው ግን ገበያው ነበር። አንድ ቅዳሜ ቲማቲም ልገዛ ጎንበስ ብዬ ዋጋ ስጠይቅ ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፄን አውቆታል። ያቺ ነሽ አለኝ። የቷ አልኩ። ዋጋውን ደግሜ ጠየቅሁት፣ ዝም። ሰው እየተሰበሰበ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው እጁን አጣጥፎ «ጢጥ» አለኝ። ገበያው በሳቅ ወደቀ። ቲማቲሜን ትቼ ተመለስኩና ለባሌ ደውዬ አለቀስኩበት። እሱ ሳቁን ለማፈን ሲታገል ይሰማኛል። አየሽ፣ ነይ ስልሽ ብትመጪ ይኼ ሁሉ ባልመጣ አለኝ። ከዚያ ስለ ድንቹ ጀመረ፣ ዘጋሁበት።

ከደዋዮቹ ሁሉ ያልሰለቹ አንዲት እናት ነበሩ፤ ከፃግብጂ ነው የሚደውሉት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሌላው ጠይቀው፣ ጠብቀው፣ ተቆረጠባቸው። በሌላ ቀን እንደገና። ከዚያ ድምፃቸው እየተለወጠ መጣ። ልጄ፣ ሰው ሰላምታ የማይመልሰው ወይ ሲኮራ ወይ ሲታመም ነው፣ ድምፅሽ የኩራት አይመስልም አሉ። በሌላው መልእክት ጉሮሮሽን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጤና አዳም አጠጡኝ። ማለቴ፣ እንዴት እንደሚጠጣ ሲነግሩኝ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ። አንድ ቀን ደግሞ በቃ እመጣለሁ ብለው ዘጉት። እንዲያው ለወጉ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጡ። አንድ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል፣ በእጃቸው በጭድ የተጠቀጠቀ እንቁላል የያዘች ቅርጫት ይዘዋል። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ ላይ ነው የመጡት። ያቺ የታመመችው ልጅ እዚህ ናት ወይ ሲሉ ድምፃቸውን አወቅሁት። ከወንበሬ ተነሳሁና እንደምን ሰነበቱ እናቴ አልኳቸው። ቅርጫቱን አስቀመጡ። ግንባሬን ዳሰሱ፣ አንገቴን አዩ፣ አፌን ሊያስከፍቱኝም ዳዳቸው። ከዚያ በር ላይ ቆመን የሁለት ወር ሰላምታ ስንሰጣጥ ባለጉዳይ ተሰለፈብን። እኔ እንዲያ ያለ ሰላምታ ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላገኘሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው ይኼ የበሽታው ነው አሉ።

ተቀመጡና የመደወላቸውን ምክንያት ጠየቅኋቸው። የልጅ ልጃቸው እዚህ ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ስንቅ ልትወስድ አገር ቤት ስትገባ የፊዚክስ መምህር የለንም ትላቸዋለች። እሳቸው ውሸቷን ነው፣ መማር ሰልችቷት ነው ብለው ተጣልተዋታል፤ እውነት ከሆነ ግን ልጅቱን በከንቱ እየቀጡ ነው፣ ፈተናውም እየደረሰ ነው። ይህንን ሊጠይቁ ነበር ሁለት ወር ሙሉ የደወሉት። እውነቷን ነው እናቴ፣ መምህሩ ከለቀቀ ቆየ አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ለልጅቱ አዘኑላት። ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አገሬ የት እንደሆነ፣ ማግባቴን ጠየቁኝ። ባልሽስ የታለ አሉ። ደብረ ታቦር አልኩ። ምን ይሠራል አሉ።

የፊዚክስ መምህር ነው አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር።

እኒያ እናት ቀስ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኛ ጋ የፊዚክስ መምህር የለም፣ አንቺ ጋ ባል የለም» አሉ። «እና ሁለት ወር ሙሉ ምን ስታዳምጪ ነበር?»

አይመጣም፣ ግትር ነው፣ ድንች ተክሏል አልኳቸው። ድንች ያስቀረው ባል አይቼ አላውቅም አሉና ተነስተው ሄዱ። ሲመጡ የደከማቸውን ያህል ሲሄዱ የደከማቸው አይመስሉም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ተመልሼ መጋዘን ገባሁ። ጋቢውን ተከናንቤ እንደ ሰው ቀዳሁት። እንደምን ሰነበቱ አልኩና ቆየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ የአባቴን ስም ከነአገሬ ተናገርኩ። ከብቱ ደህና ነው ወይ አልኩ፣ ቆየሁ። ልጆችስ ደህና ናቸው፤ ቆየሁ። ቤቱስ እንዴት ነው፤ ቆየሁ። ኮምፒዩተሩን የሚያስተካክለው ባለሙያም ከጢጧ በኋላ ሳይሆን ስልኩ ከተነሳ ጀምሮ እንዲቀዳ፣ ጊዜውም እንዲረዝም፣ ጢጧም ጊዜው ሲያልቅ እንድትሰማ አደረገልኝ። አለቃዬ ሰማውና ይኼ ዲጂታል አይደለም፣ ይኼ ለቅሶ ቤት ነው አለ። እንግዲያው አንተ ቅዳው አልኩት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሰው ችግርህን ተናገር መባል አላስፈለገውም፤ ለሰላምታው ሲመልስ ሁሉን ዘረገፈው። ከብቱ ደህና ነው ወይ ስል፣ ምን ደህና አለው፣ ክትባት ይመጣል ከተባለ ስንት ጊዜው ይሉኛል። ልጆችስ ስል የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል ይሉኛል። ቤቱስ ስል አንዱ ሚስቱ ኩርፊያ ላይ መሆኗን ነገረኝ፤ እሱን ወደ የትኛው ቢሮ እንደምመራው ግራ ገባኝ። ቲማቲም ሻጩ ሳይቀር ደወለ። የገበያው ፍሳሽ መተላለፊያ ይከፈትልን አለና ሲጨርስ ያቺን ልጅ ቲማቲሟን ትውሰድ በሏት ብሎ ዘጋው።

አለቃዬ ሊበር ደረሰ። መልቀቂያውን አስጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እስክሪብቶ አነሳ። ልክ በዚያ ሳምንት ግን የፃግብጂዋ እናት ሥራቸውን ጀምረዋል። ማኅበር ላይ ተናገሩ፣ ገበያ ላይ ተናገሩ፣ አይሱዙው ላይ ተናገሩ። መልእክቱ መጉረፍ ጀመረ። ልጆችስ ደህና ናቸው ስል የፊዚክስ መምህር የላቸውም ይላሉ፣ መምህሩ ደግሞ ደብረ ታቦር ድንች እየኮተኮተ ነው፣ የአንቺው ባል ነው፣ ይምጣ። ተማሪዎቹ ተሰብስበው በአንድ ስልክ ባሏ ይምጣ ብለው ጮሁ። ከሰሃላ ያ ዳገት ወጪ ደወለና ጉዳዩን በደንብ እንደማያውቀው፣ ግን እንደሚደግፈው ተናገረ።

አለቃዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሕዝብ በአንድ ድምፅ የጠየቀውን ጥሼ አንቺን ብለቅ ነገ በምን አፌ ተሳተፉ እላለሁ አለኝ። እኔ ወደ ባሌ ልሂድ ብዬ እንጂ ባሌ ይምጣልኝ አላልኩም አልኩት። ሕዝቡ ብሎልሻል አለ። ይባስ ብሎ ሪፖርቱን በስብሰባ ላይ አነበበው፤ ማኅበረሰቡ የባለሙያዋ ባል እንዲመጣ ጠይቋል ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ጠረጴዛ ስር ብገባ በወደድኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ከትምህርት በኩል የመጡት ሰው መምህር እንዳጡ አመኑና፣ ሰውየው ካመለከተ ነገ እንቀበለዋለን አሉ። ካመለከተ።

ማታውኑ ለባሌ ነገርኩት። ሰማኝና እሱም በተራው ተቆጣ። የማያውቀኝ ሕዝብ በእኔ ሕይወት ላይ ስብሰባ ይቀመጣል ወይ አለ። እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ አለ። እኔም የታፈነው ንዴቴ ሁሉ ገነፈለና ድንችህን አግባ አልኩት። ዘጋሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሳምንት አበቃልን ብዬ ነበር። እኔ መልቀቂያ አላገኝም፣ እሱ አይመጣም፣ ሁለታችንም አንደውልም። ቢሮ ገብቼ የሰው ከብት ደህና ነው ወይ ብዬ የጠየቅሁትን ድምፄን እሰማለሁ፣ የእኔን ቤት የሚጠይቅ የለም።

አንድ ጠዋት ማዳመጫዬን ደፍቼ መልእክት ስከፍት የማውቀው ጉሮሮ ጠረገ።

እንደምን ሰነበቱ ይላል የእኔ ድምፅ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ይምጣ የተባልኩት ባል ነኝ፣ ቅሬታ አለኝ አለ በመምህር ድምፁ። የተቀዳ ድምፅ ቅሬታ አይሰማም፤ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩትና ከብቱ ደህና ነው ወይ አልኩት። ከብት የለኝም፣ ቅሬታዬ ምንድን ነው ብሎ ሊቀጥል ሲል ልጆችስ ደህና ናቸው አልኩት። እዚህ ላይ ቆመ። ከኋላው ድስት ሲንፈቀፈቅ ይሰማል።

«ልጅማ ከየት ይመጣል» አለ፣ «እናትየዋ ሰቆጣ ሆና።»

ቤቱስ እንዴት ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ረጅም ነው። ኔትወርኩ ሄደ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግሁት። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ እሱ ይተነፍሳል። «ቤቱ ጭር ብሏል» አለ። «ድንቹን ለሁለት ሰው ብዬ ነበር የተከልኩት። አሁን ደርሷል፣ ለብቻዬ ልጨርሰው አልቻልኩም፣ ለጎረቤት እያደልኩ ነው። ስደውል ስለሱ የማወራው ሌላ የማወራው ስለሌለኝ ነው። እመጣለሁ በሏት። ማለቴ፣ አንቺው ነሽ መሰለኝ። እመጣለሁ። ቅሬታዬ ግን...»

ጢጥ።

አለቃዬ ሲገባ እኔ ማዳመጫውን እንዳደረግሁ እያለቀስኩ አገኘኝና ማን ሞተ ብሎ ደነገጠ። ማንም አልሞተም አልኩት። መልእክቱን ሲሰማ እሱም ዓይኑን ጠራረገ፣ ከዚያ ይኼ ሰውዬ ቅሬታውን ሳይናገር ነው እኮ የተቆረጠው፣ እንዴት አድርገን እንመዝግበው አለኝ።

ባሌ ከነድንች ጆንያው መጣ። የፃግብጂዋ እናት መናኸሪያ ቆመው ተቀበሉት፤ ሻንጣውን ከመቀበላቸው በፊት ከብቱን ጠየቁት። ከመጣ ወዲህ ማዕድ ላይ ቅሬታ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለ ውሃው ያማርራል፣ ስለ ተማሪው ብዛት ያማርራል፣ ገበያው ላይ ስለሚሸጠው ድንች አውርቶ አይጠግብም። የዚያን ቀኑን ቅሬታህን ንገረኝ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። ረስቼዋለሁ ይለኛል።